«ጨጓራዬን ነው እያልኩ እስከ መቼ?»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 34 ነው። በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ችግሬ ሲነገር የሚያስቅ ስለሚመስለኝ እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። ሳይርበኝ ነው የምበላው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ፍርፍር እንበላለን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ምሳ ዕቃውን ይዞ ይሰበሰባል፤ «አልራበኝም» ካልኩ «ከማን ጋር ተኳረፍሽ?» ይሉኛል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከልጆቼ ጋር እራት እበላለሁ። ባለቤቴ ሦስት ሰዓት ላይ ሲገባ ደግሞ ብቻውን መብላት ስለማይሆንለት እንደገና አብሬው እቀርባለሁ።

እሑድ እሑድ አማቴ ቤት ነን። የወሎ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ለጋስ ነው፤ «በሞቴ» ካሉ ማለፊያ የለም። ባለፈው ሲጨንቀኝ «ጨጓራዬን ያመኛል» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ተልባ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ያጠጡኛል፤ ምግቡም አልቀረልኝም። የሚገርመኝ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ምንም አልሆንም፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ምሳ መተው የማይታሰብ ይሆናል። ልብሶቼ በሙሉ ጠበውኛል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ርሃብ ምን እንደሚመስል መርሳቴ ነው። እውነቱን ልናገር ወይስ በጨጓራዬ ልቀጥል? የስድስት ዓመቷ ልጄ በበኩሏ አልበላም እያለች ታስቸግረኛለች። ሰሃኗን እስክትጨርስ ከጠረጴዛ አላስነሣትም፤ የተረፋትንም ግፍ እፈራለሁና እኔው እጨርሰዋለሁ።

ጥጋብ ያስጨነቀኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፤

ችግርሽ አያስቅም፤ ተልባው ግን ትንሽ አስቆኛል፤ ይቅር በዪኝ።

በአገራችን ሰው «አልበላም» ለማለት የተፈቀዱለት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ጾም፣ ሕመምና ኩርፊያ። ጾመኛን የሚያስገድድ የለም፤ እንዲያውም ይከበራል። የታመመ ይታዘንለታል። ያኮረፈ ደግሞ ይለመናል፤ ሲብስም ሽማግሌ ይላክበታል። ዝም ብሎ ያልራበው ሰው ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው የለም። አንቺ አማትሽ ቤት ስትጨነቂ ከሦስቱ ሕመምን መረጥሽ፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሳትመርጪ ኩርፊያ ተሰጠሽ። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሰውነትሽ ግን በየቀኑ የማይፈልገውን እየተቀበለ ነው፤ ስለዚህ አራተኛ ምክንያት እስኪለመድልሽ ድረስ ዘዴ ያስፈልግሻል።

ስለ ጾሙ የጻፍሽው ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከቅዳሜና እሑድ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ፣ ሥራሽን ሳታጎድዪ ትውያለሽ። ታዲያ ያቺው ሴት በሌላው ጊዜ አራት ሰዓት ላይ ፍርፍር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ካልበላች የምትወድቅ የሚመስላት ለምንድን ነው? በጾሙ ወቅት ሆድሽ አልተለወጠም፤ የሚለወጠው በዙሪያሽ ያለው ሰው ነው። ሁሉም ስለሚጾም ማንም «ምነው?» አይልሽም፤ አንቺም ራስሽን አትጠይቂም።

ሆድ የሰዓት ልማድ እንዳለውም እወቂ። ጨጓራ የሚያመነጨው፣ ርሃብን የሚቀሰቅስ ገሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ነው። ይህ ሆርሞን መብላት በለመድንበት ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፤ ስንበላ ይወርዳል፤ ባንበላም ቆይቶ ይወርዳል። ስሙን የማያውቅ ጾመኛ ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሲጮህ የነበረ ሆድ ሰባት ተኩል ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ የሚሰማሽ «ሞረሞረኝ» በአብዛኛው የፍርፍር ቀጠሮሽ ነው። ቀጠሮ ደግሞ ሊሰረዝ ይችላል።

ከዚህ ጀምሪ። ብዙ ሰው በአንቺ ቦታ ቢሆን የሚጣላው ከምሳው ጋር ነበር፤ እኔ ግን ምሳውን አትንኪው እላለሁ። የጋራ ምሳ የመሥሪያ ቤት ማኅበር ነው፤ ከእሱ መቅረት ከሰው መቅረት ሆኖ ይቆጠርብሻል። ፍርፍሩ ግን ማኅበርም አይደለም፤ ሥራ ሲሰለች የመጣ ልማድ ነው። አብረሻቸው ውረጂ፣ ሻይሽን ያዢ፣ ተጫወቺ። የሚጠይቅሽ ከተገኘ «ምሳችሁን ደህና አድርጌ እንድበላላችሁ ነው» በዪ፤ በዚህ የሚከፋ ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድሽ ያጉረመርምብሻል፤ ታገሺው። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስድስት ሰዓት ሲደርስ ረሳሁት ያልሽው ርሃብ መጥቶ ታገኚዋለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በእውነተኛ ርሃብ የተበላ ሽሮ እንዴት እንደሚጣፍጥ አልነግርሽም፤ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

አንዳንድ ቀን ምሳም ቢሆን ላያሰኝሽ ይችላል። ያን ቀን ቀርተሽ ጠረጴዛሽ ላይ አትቀመጪ። ምሳ ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ክፈቺው፣ ለጎረቤትሽ አቅርቢ፣ «ቅመሱልኝ» በዪ። ሰው ዓይኑን የሚጥለው በተከፈተው ምሳ ዕቃ ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደጎረስሽ የሚቆጥር የለም።

አሁን ወደ አማትሽ እንምጣ፤ ከባዱ እሱ ነውና።

የወሎ ሰው ናቸው ብለሻል። ዕድሜያቸውን አልጻፍሽልኝም፤ የልጆችሽ አያት ከሆኑ ግን የሰባ ሰባቱን ድርቅ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት የ1965 እና የ66ቱን። በቆረምና በባቲ መጠለያዎች ሰው ለአንድ ጣሳ እህል ተሰልፎ የዋለበት ዘመን ነው። ያንን ያየ ሰው ስለ እሱ ብዙ አያወራም፤ እንግዳው ሰሃን ላይ እንጀራ ሲደርብ ግን እጁ አያርፍም። «በሞቴ» ሲሉሽ የሚለምኑሽ ያንቺን ሆድ አስበው ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን የምነግርሽ በጸጸት ሁለት እንጀራ እንድትጨምሪ አይደለም። «አልፈልግም» ብለሽ ሰሃን ስትገፊ እሳቸው የሚሰሙት አንቺ ከምትዪው የከበደ ነገር መሆኑን እንድታውቂ ነው። ስለዚህ እሳቸው ፊት ሰሃን አትግፊ። ሌላ መንገድ አለ።

የእኛ አገር ግብዣ የራሱ ሥርዓት አለው። የመጀመሪያው «በቃኝ» ይሉኝታ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለተኛው ትሕትና ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የሚታመነው ሦስተኛው ነው፤ እሱም አንዳንዴ። አንቺ ገና ስትገቢ «ዛሬስ አልበላም» ካልሽ ሦስቱንም «በቃኝ» ከመቀመጥሽ በፊት ጨረስሻቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይቀርሻል? ጨጓራ።

ሲጠሩሽ ፈጥነሽ ቅረቢ፤ እጅሽን ታጠቢ፤ ደስ ብሎሽ ተቀመጪ። ለየብቻ በሰሃን የሚቀርብ ከሆነ እጅሽ ሳይነካው በፊት ግማሹን እንጀራ አንሥተሽ መሶቡ ላይ መልሺ፤ የተነካ እንጀራ አይመለስም፤ ያልተነካ ግን መመለሱ ነውር የለውም። በአንድ ትሪ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ የትሪ ማዕድ ላልራበው ሰው የተመቸ ነው። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እንጀራውን ከጠርዝ በኩል በትንሹ ቁረሺ፤ ከወጡ ይልቅ ጎመኑ ወይም ሰላጣው ጋር ቆዪ፤ ጨዋታ አምጪ። እጅሽ ከማዕዱ ላይ እስካልተነሣ ድረስ እየበላሽ ነው። ቶሎ የሚጨርስ ሰው ነው የሚጨመርለት፤ በባዶ ሰሃን ላይ «በቃኝ» የሚለውን የሚሰማ አስተናጋጅ አይቼ አላውቅም። ቀስ ማለቱ ለሌላም ይጠቅምሻል፤ የጥጋብ መልእክት ከሆድ ተነሥቶ አእምሮ ዘንድ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በአሥር ደቂቃ የተበላ ምሳ ጥጋቡ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ጉርሻን በተመለከተ፣ «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» በሚባልበት አገር እምቢ ብለሽ አትዘልቂውም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለት መሆኑ አይቀርም። ግን ለምን ሁልጊዜ ተጎራሽ ትሆኛለሽ? ቅደሚያቸው። ገና ማዕዱ እንደቀረበ ደህና አድርገሽ ጠቅልለሽ አማትሽን አጉርሻቸው፤ ከዚያም አማችሽን፣ ከዚያም የባለቤትሽን እኅት። ለሰው የምታጎርስ ሴት እየተጫወተች ነው፤ ማንም «አልበላሽም» አይላትም። ተራው ወደ አንቺ ሲመለስ «እማዬ፣ አፌ ትንሽ ናት፣ አነስ ያድርጉልኝ» ብለሽ መሳቅ ትችያለሽ። ግዙፍ ጉርሻ በግድ መቀበል የለብሽም፤ ትንሽ ጉርሻም ያው ጉርሻ ነው።

ከዚያ ቡናው ይቀጥላል። ስለ ቡና ክፉ አልናገርም፤ የማይገባኝ ስኳሩ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጨምሪ ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ አንዱ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ያህል ስለሆነ በድምሩ 24 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። እንግዲህ የቀኑን ስኳርሽን ረከቦት ፊት ተቀምጠሽ ጨረስሽው ማለት ነው፤ ዳቦው ገና አልተቆረሰም። በረካው እስኪደርስ መቀመጥሽን አትተዪ፣ ቡናውንም አትተዪ። ጤና አዳም ጣል አድርገሽበት ያለ ስኳር ልመጂው። ቆሎውንም እፍኝ ሙሉ ተቀብለሽ አንድ አንድ እያልሽ ብትቆረጥሚ እስከ በረካ ይደርስልሻል።

«እውነቱን ልናገር ወይ?» ላልሽው፣ አዎን፣ ተናገሪ። ግን ማዕድ ላይ አይደለም፤ ሰው በተሰበሰበበትም አይደለም። በሰንበት ቀደም ብለሽ ሂጂና ጓዳ ገብተሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ አጫውቻቸው። በእኔ በኩል ቃሉ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፤ «እማዬ፣ የጨጓራዬ ነገር ያን ያህል አይደለም፤ አፍሬ ነው እንደዚያ ያልኩት። ሰውነቴ እየከበደኝ ነው፣ ሳይርበኝ መብላት አበዛሁ። እርስዎ ካልረዱኝ አልችለውም።» የመጨረሻዋን ቃል አትርሺ። ሰው እምቢ ሲባል ይከፋዋል፤ እርዱኝ ሲባል ግን ይነሣል። አማትሽ አንዴ ከጎንሽ ከቆሙ በእሳቸው ቤት የሚያስገድድሽ ሰው አይኖርም፤ ሌላው ሲጨምርልሽ «ተዉአት፣ እኔ ዐውቃለሁ» የሚሉት እሳቸው ይሆናሉ። ጾምን ግን ማሳበቢያ አታድርጊ፤ እሱ ከእግዚአብሔር ጋር የሚያነካካ ነው፤ ከጨጓራም የባሰ ውሸት ነው።

ልግስናቸው የት ይውደቅ ካልሽም «ለነገ ምሳዬ ይቋጠርልኝ» በያቸው። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃሽን ስትከፍቺ የእሳቸው ወጥ ይሁን። ባልደረቦችሽ ያመሰገኑትን በስልክ ንገሪያቸው። የሠሩት ምግብ ተበልቶ፣ ተወድሶ፣ አንቺም በራበሽ ሰዓት ጠቅሞሽ ሳለ በምን ይከፋሉ?

የባለቤትሽ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል፤ ቶሎ መታረም ያለበት ግን እሱ ነው። አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት ሁለት እራት አይበላም። ባለቤትሽን አልወቅሰውም፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ግን ልብ ብለሽ ካየሽው የቸገረው የሚያጫውተው ሰው ማጣቱ ነው። እራትሽን ከልጆችሽ ጋር ጨርሺ። እሱ ሲገባ አቅርቢለት፤ አጠገቡ ተቀመጪ፤ በእጅሽ ሻይ ያዢ፤ የቀኑን ወሬ አውሪው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ አጉርሺው። ሦስት ሰዓት ላይ በልቶ አራት ሰዓት ላይ መተኛት ለቃር ያጋልጣል፤ ቃር ላለበት ሰው ሐኪሞች ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ከምግብ እንዲርቅ የሚመክሩት ለዚህ ነው። አሳበሽበት የነበረው ጨጓራ አንድ ቀን እውነት ሆኖ እንዳይመጣብሽ። ይህንንም ለባለቤትሽ ስትነግሪው ደክሞት በገባበት፣ ሰሃኑ ፊት በቀረበበት ሰዓት አይሁን፤ ቅዳሜ ጠዋት ንገሪው። ማታ ላይ የተነገረ እንደሆነ «ሰለቸሁሽ ወይ?» ተብሎ ሌላ ወሬ ይወልዳል።

ስለ በዓላት ብዙ አልልም። ፋሲካና ገና ብዪ፤ ዶሮ ወጡን ብዪ፣ ዕንቁላሉንም ብዪ። በአራቱም ቤት ግን አትብዪ፤ አንዱ ቤት ምሳ፣ ሌላው ቤት ቡና ብለሽ ከዋዜማው ጀምረሽ በስልክ ተስማሚ። ልብስሽን ያጠበበው በዓመት የሚመጣ በዓል አይደለም፤ የሥራ ቀን ፍርፍርና የሁለተኛ እራት ነው።

አንድ ነገር ላሳስብሽ። ይህ ምክር ጤነኛ ለሆነች ሴት የተጻፈ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሆነሽ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስጂ ቢሆን ኖሮ ምግብ ከመዝለልሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ እልሽ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ብትሆኚም እንዲሁ። የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሰውነት የሚከሳ ከሆነም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ ወደ ጋዜጣ መጻፍ አይገባም። የአንቺ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ቢሆንም የደም ግፊትሽንና ስኳርሽን አንድ ጊዜ መለካቱ አይጎዳሽም።

የልጅሽን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት አንቺም በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ ጣል አድርገሽ ስላለፍሽው ነው። አማትሽ በአንቺ ላይ የሚያደርጉትን አንቺ በእሷ ላይ እያደረግሽ ነው፤ ልዩነቱ እሷ ጨጓራዬን ለማለት ገና አለመድረሷ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆዷ ሲሞላ ታውቃለች፤ ያንቺ የጠፋብሽ ዕውቀት እሷ ዘንድ ገና አለ። አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ትንሽ መብላት የልጅ ወግ ነው፤ ቁመቷና ክብደቷ ለዕድሜዋ ደህና ከሆነ በየማዕዱ አትጨቃጨቂ። ከምግብ በፊት ብስኩትና ጣፋጭ ለስላሳ የሚሰጣት ሰው ካለ ግን እሱን ከልክዪ፤ ብዙ ጊዜ «አልበላም» የሚያሰኘው እሱ ነው።

ግፉን በተመለከተ መፍትሔው ከጭልፋው ላይ ነው። አንቺ በምትገምቺላት ልክ ሳይሆን በግማሹ አውጪላት። ስትጨርስ «ጨምሪልኝ» ማለትን አስተምሪያት፤ ስትልሽም ጨምሪላት። ካላለችሽ ትነሣ። ከሰሃኗ የተረፈ ካለ አፍሽ ውስጥ አይግባ፤ ንጹሕ እንጀራው ለድርቆሽ ይሰጣ፣ ወጥ የነካው ደግሞ ለነገ ቁርስ በሳህን ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር።